ኤችአይቪን ስለ መከላከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት የምክርና ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ሰዎች በሩን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝን ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ኤችአይቪ እኮ ቀርቷል አይደል? ማስታወቂያው ራሱ የለም።

የቀረው ማስታወቂያው ነው። ድሮ የመንገድ ዳር ሰሌዳው፣ የሬዲዮ ድራማው፣ የትምህርት ቤቱ ክበብ ሁሉ ስለ እሱ ነበር። እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ሳያሳርፍ መልሶ የሚተክልበት ዘመን ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ቀብሩ እየቀነሰ መጣ። ከቀብሩ ጋር ፍርሃቱም ወሬውም ቀነሰ። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ያንን ድንኳን አላየም።

ቁጥሩን ብናይ ግን አዲስ አበባ አታዘናጋም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ቫይረሱ ያለባቸውን በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ሆነው ሲያገኝ፣ አዲስ አበባ ላይ 3.4 በመቶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ብቻ የተሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ 3 በመቶ አገኘ፤ ሴቶች 4.1፣ ወንዶች 1.9። እዚህ ውስጥ መድኃኒት እየወሰዱ በጤና የሚኖሩትም ስላሉ ቁጥሩ ሁሉ መርዶ አይደለም። ብቻ «ቀርቷል» የሚያስብል አይደለም።

በምን ይተላለፋል? የፀጉር ቤት ቶንዶዝስ?

ያለ ኮንዶም በሚደረግ ወሲብ፣ ቫይረሱ ባለበት ደም (በጋራ መርፌ ወይም ምላጭ)፣ እና ከእናት ወደ ልጅ። በጉርሻ፣ በትንኝ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። ሆስፒታል ውስጥ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ደምም አስቀድሞ ይመረመራል።

ቶንዶዝ ከጉርሻ በላይ ይጠየቃል። ቶንዶዝ የሚቆርጠው ፀጉር ነው፤ ቫይረሱም ከሰውነት ከወጣ ቶሎ ይደክማል። ስጋቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ምላጭ ግን ቆዳ ይነካል፣ ያደማል። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ ሲያወጣ ዓይናችሁ እያየ ይሁን። እውነቱን ለመናገር እኔን በምላጭ በኩል የሚያሳስበኝ ከኤችአይቪ ይልቅ የጉበት ቫይረሱ፣ ሄፓታይተስ ቢ ነው። እሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ ቀን ይቆያል።

ምርመራው ያስከፍላል? ቤት ውስጥ ራሴን መመርመር እችላለሁ?

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። ከጣታችሁ ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ይነገራችኋል። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ካሳየ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይደገማል። በአንዱ ብቻ ማንም ሰው ፖዘቲቭ ነህ አይባልም።

ራስን በራስ መመርመሪያውም አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ፤ ቡናም ቢሆን። በማንኪያ መሳዩ መጥረጊያ የላይኛውን ድድ አንድ ጊዜ፣ የታችኛውን አንድ ጊዜ ጠረግ ታደርጋላችሁ። ብልቃጡ ውስጥ ታቆሙትና ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ታነቡታላችሁ። ሁለት መስመር ከታየ ገና ውጤት አይደለም፤ በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

እዚህ ላይ ሁሌ የምትከተል ጥያቄ አለች፦ «በአፍ ከተመረመረ ምራቅ ያስተላልፋል ማለት ነው?» አይደለም። መጥረጊያው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን እሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ አካል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በዚህ ራሱን አይፈትሽ። አንዳንዴ ነጌቲቭ ያሳያልና ሰውዬው «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ይወረውራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አቀበት ነው።

ወረፋ ላይ የሰፈር ሰው ቢያየኝስ?

ሥራችንን ከቫይረሱ በላይ የሚያከብድብን ይኼ ነው። የአራት ኪሎው ሰው መገናኛ ሄዶ ይመረመራል፤ የመገናኛው ደግሞ እኛ ጋ ይመጣል። መንገድ ላይ በታክሲ ሳይተላለፉ አይቀሩም። ይሁን፤ ሩቅ መሄዱ ቀለል ካደረገላችሁ ሂዱ። ውጤታችሁን ያለ ፈቃዳችሁ ለቤተሰብ፣ ለአሠሪ ወይም ለንስሐ አባት መንገር አይፈቀድልንም። አሠሪም ቢሆን በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኛው ላይ አድልዎ እንዳያደርግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ይከለክለዋል።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ወረፋው ላይ ከእድሯ ጸሐፊ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። «ደም ግፊት ልለካ ነው» አለችው። «እኔም» አላት። ደም ግፊት የሚለካው ታች ነው። ሁለቱም ያውቃሉ። ተራቸው ሲደርስ ገቡ፣ ተመረመሩ፣ ወጡ። አንዳቸውም ስለዚያ ቀን ለሰው ትንፍሽ ያሉ አይመስለኝም።

ነጌቲቭ ወጥቻለሁ። በቃ ነጻ ነኝ?

መቼ እንደተጋለጣችሁ ይወስነዋል። ምርመራው የሚያየው ፀረ አካሉን ነው አልን። እሱ ደግሞ ለመታየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እስከ ሦስት ወር የሚዘገይበትም ሰው አለ። ባለፈው ቅዳሜ ተጋልጣችሁ ዛሬ ብትመረመሩ ወረቀቱ የሚነግራችሁ የዛሬ ሦስት ወሩን ማንነታችሁን ነው። ችግሩ ደግሞ እነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ የሚበዛበት፣ ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ የሚያልፍበት ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሲሞላ ድገሙት፤ እስከዚያ ኮንዶም።

ለጋብቻ ብለው የሚመረመሩ ጥንዶች ላይ ይኼን በደንብ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ስለጠየቀ ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሮጠው ይመጣሉ። ካርዱ ሳይታተም ብትመጡ ለሁላችንም ይሻላል።

ኮንዶም በእርግጥ ይከላከላል?

ሁልጊዜና በትክክል ከተጠቀሙበት በጣም። «በእርግጥ ይከላከላል?» ብለው የሚጠይቁኝን ትንሽ ሳናግራቸው ችግሩ አጠቃቀሙ ሆኖ ይገኛል። ወር ሙሉ የኋላ ኪስ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ኮንዶም ሙቀትና ፍትጊያ በልቶታል። ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይም ዘይት የተቀባ ላቴክስ ኮንዶም በደቂቃዎች ውስጥ ይሳሳል። ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራውን ግዙ። ሁለት መደራረብ ደግሞ እርስ በርሱ እየተፋተገ እንዲቀደድ ያደርገዋል።

ህይወት ትረስትም ሆነ ሴንሴሽን ሰፈር ሱቅ ውስጥ አለ። ግን ሱቁ ሰው እስኪወጣለት በረንዳው ላይ ስልኩን እየነካካ ቆሞ፣ በመጨረሻ በጣቱ ጠቁሞ «ያቺን» የሚል ጎረምሳ አሁንም አለ። ባለሱቁ ደግሞ ለይቶበት «የቷን?» ይለዋል። ጤና ጣቢያ ኑ፤ «የቷን?» የሚል የለም።

ተገርዣለሁ፤ ይኼ አይበቃም?

አይበቃም። ግርዘት ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንስለታል። ቀሪው 40 በመቶ እዚያው አለ፤ ሴቷን ደግሞ በቀጥታ አይጠብቃትም። የአዲስ አበባ ወንድ አብዛኛው በሕፃንነቱ የተገረዘ ነው፤ ቁጥሩን ከላይ አይታችኋል።

ፖስትፒል ወስጃለሁ። ኤችአይቪንም ይከላከላል አይደል?

አይከላከልም። ፖስትፒል እርግዝናን ብቻ ነው የሚከላከለው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ጭምር ናቸው። ብዙዎቹ የሚያስጨንቃቸው እርግዝናው ስለሆነ፣ ፋርማሲ ደርሰው ሲመለሱ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ኮንዶሙ ተቀደደ (ወይም ተደፈርኩ፣ ወይም መርፌ ወጋኝ)። ምን ላድርግ?

አሁኑኑ ሂዱ። ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። 72 ሰዓት ማለት ግን እስከ ሦስተኛው ቀን ቁጭ ብላችሁ አስቡበት ማለት አይደለም። በየሰዓቱ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ቀን የጀመረ ይሻለዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ትመረመራላችሁ፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ቀድሞ ካለ የሚያስፈልጋችሁ ፔፕ ሳይሆን ሙሉው ሕክምና ነው።

ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተፈጠረ ነገር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። አንድ ወጣት ዓርብ ማታ ተጋልጦ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ቅዳሜና እሁድ ዝግ መስሎት፣ ሰኞ አለቃው አላስወጣው ብሎ፣ ማክሰኞ ደግሞ አፍሮ። ወረቀት ላይ ሰዓቱን ስቆጥርለት ዓይኑ እጄ ላይ ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ ነጌቲቭ ወጣ፤ ያቺን ሦስት ወር ግን እንዴት እንዳሳለፋት እሱ ያውቃል። ሰንበት ቢሆን፣ በዓል ቢሆን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። እዚያ ሄዳችሁ «ፔፕ ፈልጌ ነው» በሉ። ቃሏን ማወቁ ብቻ ብዙ ያሳጥራል።

ለተደፈረ ሰው ከፔፕ ጋር የእርግዝና መከላከያ፣ የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍም አብሮ ይሰጣል። መሃል ከተማ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ይኼን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ከተቻለ ሳትታጠቡ፣ ልብሱንም ሳትጥሉ ሂዱ። የፖሊስ ማስረጃ እስኪመጣ ተብሎ መድኃኒቱ መዘግየት የለበትም።

ፕሬፕ ምንድን ነው? በዓመት ሁለቴ የሚሰጠው መርፌስ?

ፔፕ ከተጋለጡ በኋላ ነው፤ ፕሬፕ ግን ከመጋለጥ በፊት ነው። ነጌቲቭ የሆነ ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ማለት ነው። በአገራችን በቅድሚያ የተጀመረው በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶችና የትዳር አጋራቸው ፖዘቲቭ ለሆነ ሰዎች ነው። ሴቶች ላይ ጥበቃው እንዲሞላ ሰባት ቀን በተከታታይ መዋጥ ያስፈልጋል። እርግዝናንና ሌላ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም። በየሦስት ወሩም ምርመራ አለው።

መርፌው ሌናካፓቪር ይባላል። ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ በተደረገው ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም፤ ውጤቱ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ለመከላከያነት እንዲውል መከረ። ሰዉ «ክትባቱ መጣ» ይላል። ክትባት አይደለም። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እስካለ ይጠብቃል፤ ስድስት ወር አልፎ መርፌው ካልተደገመ ጥበቃው ይሄዳል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው አያስተላልፍም የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማጽናኛ?

እውነት ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መድኃኒቱን በትክክል ሲወስድ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ማለትም ቫይራል ሎዱ፣ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እዚያ የደረሰና መድኃኒቱን ያላቋረጠ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ነጌቲቭ የሆኑ 888 ጥንዶች ተጠንተው ነበር። ያለ ኮንዶም 58,000 ጊዜ ያህል ተገናኝተው፣ ከአጋሩ የተያዘ ሰው አንድም አልተገኘም። የጥናቱ ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሰው የሚሳሳተው «እየወሰድኩ ነው» እና «አይታይም» አንድ የሚመስለው ጊዜ ነው። ክኒን ከጀመረ ገና ወር ያልሞላው ሰው እዚያ አልደረሰም። ቫይራል ሎድ መለካት አለበት፤ ከወረደ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትመጡ «መድኃኒቴን ስጡኝ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። «ቫይራል ሎዴ ስንት ነው?» በሉ። ቁጥሩ የእናንተ ነው።

ፖዘቲቭ ነኝ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄን ማጥባት እችላለሁ?

ትችያለሽ። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናትየው መድኃኒቷን ከወሰደችና ሕፃኑ ሲወለድ የሚሰጠውን ሽሮፕ ካገኘ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስድስት ሳምንት ሲሆነው ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል።

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ችግር የሚመጣው አራስ ጥየቃ ላይ ነው። አያት ቅቤ ታልሳለች፤ ሌላዋ «ሆዱን ነፋው» ብላ የስኳር ውኃ ታመጣለች። ጡትና ሌላ ምግብ ሲቀላቀል ገና ያልጠናውን አንጀት ያስቆጣዋል፤ ቫይረሱ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። ምስጢርሽን ሳትነግሪ እማማን እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ በእኛ ማሳበብ ይቻላል፤ ለማንኛዋም እናት የምንሰጠው ምክር ያው ስለሆነ ውሸትም አይደለም።

በጾም መድኃኒቱን እንዴት ልውሰድ? ጸበል ከጀመርኩስ?

አሁን ብዙዎች የሚወስዱት በቀን አንድ ፍሬ ነው። ምግብ ተበልቶም ሳይበላም ይዋጣል። ስለዚህ ሰዓቱን ማታ አድርጉት፤ ሁዳዴም ረመዳንም ሳይነካው ያልፋል።

ጸበሉን ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላው ሰው ነው። እንጦጦ ማርያም ወጥተው ክኒናቸውን አቁመው ተጎድተው የተመለሱ ብዙ አይተናል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበል መጠመቂያ ስትሄዱ ክኒኑን ያዙ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም ንገሩንና ለቆይታችሁ የሚበቃ እንስጣችሁ።

ሰፈራችን ለልማት ፈርሶ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ ገባን። መድኃኒት የምወስድበትን ቦታ ወደዚያ መቀየር አለብኝ?

ግዴታ የለም። የታክሲው ወጪና ሰዓቱ ካልከበዳችሁ እዚያው የለመዳችሁበት ቀጥሉ። ቫይረሱ የወረደለትና በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ስለሚችል መመላለሱ በዓመት ሁለቴ ይሆናል። መቀየር ከፈለጋችሁ ግን የዝውውር ወረቀት አጽፉ፤ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። እኛ ስንደውል ስልኩ ካልሠራ እንደጠፋችሁ ይመዘገባል፤ አዲሱ ቦታ ደግሞ ታሪካችሁን ሳያውቅ ከዜሮ ይጀምራል።

አብረን ተመረመርን፤ እኔ ፖዘቲቭ፣ ባሌ ነጌቲቭ። እኔ አመጣሁት ማለት ነው? እንዴትስ አብረን እንኖራለን?

ምርመራው ቫይረሱ መኖሩን እንጂ መቼ እንደገባ አይናገርም። ሰው ምንም ምልክት ሳይታይበት ስምንት፣ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከትዳር በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። የባልሽ ነጌቲቭ መሆንም ምርመራው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አያልፍም፤ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው። «ማን አመጣው» የሚለው ክርክር ከተጀመረ የሚያሸንፍበት ሰው አይቼ አላውቅም። ውጤቱን ለብቻሽ ሰምተሽ ቤት ስትነግሪው ዱላ ይመጣል ብለሽ ከፈራሽ ደግሞ መጀመሪያ ለምክር ሰጪዋ ንገሪያት። የምትነግሪበትን ቀንና ቦታ አብራችሁ ታስባላችሁ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ በእሷ ፊት መንገርም ይቻላል።

አኗኗሩ ይኼን ይመስላል። አንቺ መድኃኒት ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ። የአንቺ ቫይራል ሎድ ወርዶ እስኪረጋገጥ እሱ ፕሬፕ ይወስዳል፣ ኮንዶምም አለ፤ እሱም በየጊዜው ይመረመራል። ከዚያ በኋላ ልጅ መውለድ ካማራችሁ ይወለዳል። የምከታተላቸው አንድ ባልና ሚስት ሁለቱም ስልካቸው ላይ ማታ 2 ሰዓት ደወል ሞልተው ነበር። እሷ የእሷን፣ እሱ የእሱን ለመዋጥ። ልጆቻቸው ደወሉ ሲጮህ «ዜና ደረሰ» ብለው ቴሌቪዥኑን ይከፍቱላቸዋል አሉኝ።